የእምዬን ዳዊት ማን ይድገመው?

ጤና ይስጥልኝ ጎንደሮች፣ ከጎንደር ውጭ ሆናችሁ የምታነቡኝም። በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳነብ ተማክራችሁ የጻፋችሁ መሰለኝ። አብዛኞቹ ስለ እናት፣ ስለ አያት፣ ስለ ቤት ጸሎት፣ ቀርቷል ስለምትሉት ልማድ ናቸው። አምስቱን መረጥኩ። ስም አልጠቅስም፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬአቸዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ እሷ የጠየቀችውን ነገር ስንት ሴት በሆዷ ይዛ እንደምትዞር ስለማውቅ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። በሕይወት ሳለች ሌሊት አስር ሰዓት ትነሳለች። ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች፣ ኪዳን አድርሳ ትመለሳለች፣ ከዚያ ቁርሳችንን ትሠራለች። እኔ 34 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ቀን ሱቅ እውላለሁ። ጠዋት የምነቃው በልጆቹ ለቅሶ ነው። አማትቤ ከአልጋ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ሩጫ ነው። ያቺ ማማተብ ናት ጸሎቴ። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነገር በእኔ እጅ የተቋረጠ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሷን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያኑርልሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን የእናትሽን ጸሎት ያየሽው እናትሽ ስንት ዓመቷ ሳለ ነው? አምሳ? ስልሳ? ልጆቿ አድገው፣ ቤቱ ጋብ ብሎ፣ አንቺም ራስሽን ችለሽ? የምጠይቅሽ እኔም በዚሁ ስለተሳሳትኩ ነው።

እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት፣ እምዬ ነው የምንላት። ቤታችን ቀሐ ኢየሱስ ሰፈር ነበር። የማውቃት እምዬ ጎህ ሳይቀድ ኩራዟን አብርታ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ የምትቆም ሴት ናት። አባቷ መሪጌታ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረዋታል፣ ዳዊት ትደግማለች። እንዳልነቃባት ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ እኔ ግን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ እሰማታለሁ። ትልቅ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ሁለተኛው ልጄ ጥርስ ሲያበቅል ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሰ እንቅልፍ ሲነሳኝ ሰነበተና አንድ ቀን ሄጄ «እምዬ፣ እኔ እንዳንቺ መሆን አልቻልኩም፣ በወጉ ከጸለይኩ ስንት ጊዜዬ» አልኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ብረት ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና አየችኝ። «እኔስ እንዳንቺ ሳለሁ መች ዳዊት ደገምኩ? ሰባት ልጅ እያሳደግሁ! ዳዊቱንማ በወጉ የያዝኩት የመጨረሻው ልጄ ተማሪ ቤት ከገባ ወዲያ ነው» አለችኝ።

አየሽ፣ እኔ ራሴን ሳወዳድር የኖርኩት ከስልሳ ዓመቷ እምዬ ጋር ነው። የሠላሳ ዓመቷን እምዬ አላውቃትማ። ማናችንም እናታችንን በወጣትነቷ አላየናትም፤ ብናያትም ልጆች ሆነን ነው፣ ልጅ ደግሞ የእናቱን ድካም አይቆጥርም።

«ታዲያ ያኔ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት። «እንጀራ እጋግር ነበር» አለችኝ፣ በቃ። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ግን ራሴ አስታወስኩት። እምዬ ስትጋግር ዝም ብላ አትጋግርም። ቡሃቃውን ከመክፈቷ በፊት ታማትባለች። ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞረች ታፈሳለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች። ልክ ስትከድን «አቡነ ዘበሰማያት» ትላለች፣ ድምጿ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ። «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብላ ስትጨርስ አክንባሎውን ታነሳለች፣ እንጀራው ዓይን አውጥቶ ይጠብቃታል። ቤታችን ሰዓት አልነበረም። የእንጀራው ሰዓት ጸሎቷ ነበር። ሃያ እንጀራ ከጋገረች ሃያ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደግማለች ማለት ነው፤ እሷ ግን ይህን ጸሎት ብላ አትቆጥረውም ነበር፣ ስለዚህ ማንም አላየላትም። መጨረሻ ላይ ከቡሃቃው ተጠራርጋ የምትቀረዋን ሊጥ እንጎቻ ትጋግርልናለች፣ በጣቷ መስቀል ታበጅባትና ቆርሳ ታድለናለች። እኔ እስከ ዛሬ ትኩስ እንጀራ ሲሸተኝ አቡነ ዘበሰማያት በአፌ ይመጣል። ማንም አላስተማረኝም፣ ከሽታው ጋር አብሮ ገባ።

እና አንቺን የምመክርሽ አዲስ ሰዓት ፍለጋ እንዳትደክሚ ነው። የለሽማ። እጅሽ ቀድሞውኑ በሚሠራው ሥራ ላይ ጸሎቱን አስጠጊው። ሻይ ስትጥጂ፣ የልጆቹን ፊት ስታጥቢ፣ የሱቁን በር ስትከፍቺ። ቁልፉን አስገብተሽ ከማዞርሽ በፊት «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» በይ፤ ዘወትር እዚያው ቦታ፣ ዘወትር እዚያው ሰዓት። ቦታውን ከቀያየርሽው ይጠፋብሻል። ከለመድሽው ግን አንድ ቀን ብትረሺ እጅሽ ራሱ ያስታውስሻል።

የእናትሽን ውዳሴ ማርያም ደግሞ አትፍሪው። እኮ ቅዱስ ኤፍሬም ለሰባቱ ቀን ከፋፍሎ ነው የደረሰው፣ በአንድ ቀን ሁሉንም ተወጪ ያለሽ የለም። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። የአንዱ ቀን ድርሻ አጭር ነው። ደግሞ የሰኞው በምን እንደሚጀምር ታውቂያለሽ? «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ»። ልቡ ያዘነውንና የተከዘውን አዳምን ጌታ ነጻ ሊያወጣው ወደደ ማለት ነው። ሳምንቱ የሚጀመረው ያዘነ ልብ ይዞ ለቆመ ሰው ነው። እናትሽ ይህን ስንት ሰኞ ብላዋለች! አንቺም ከሰኞ ጀምሪ፣ ለመጀመሪያው ወር ሰኞን ብቻ ያዢ። ማክሰኞ ቢያመልጥሽ ረቡዕ ላይ ሁለቱን ልክፈል አትበይ፣ ጸሎት የሱቅ ዱቤ አይደለም። በዚያው ቀጥይ።

መጽሐፏ አለ አይደል? ሳጥን ውስጥ አታስቀምጪው። ቡና ዕቃ ያለበት መደርደሪያ ላይ፣ እጅሽ የሚደርስበት አድርጊው። ገጹ ላይ ሰም ጠብ ብሎ ከሆነ፣ ጥጉ በአውራ ጣቷ አድፎ ከሆነ አትጥረጊው።

ስለ ልጆቹ ደግሞ አንድ ነገር። ድምፅ አውጥተሽ ጸልዪ። ዕድሜዬን ሙሉ በልብ መጸለይ ይበልጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ለራስ ሊሆን ይችላል። ልጅ ግን የልብን አይሰማም። እምዬ በልቧ ብቻ ብትጸልይ ኖሮ እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ምን እሰማ ነበር?

ይህን ሁሉ ስል ቅዳሴው ይቅር፣ ንስሐ አባት አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስልሽ። ሰንበትን ያዢ፣ ልጆቹን ይዘሽ ቁረቢ። ሌሊት አስር ሰዓትም በጊዜው ይመጣል። ልጆቹ ሲያድጉ እንቅልፉ ራሱ ይሸሽሻል፣ ያኔ ታስታውሺኛለሽ። ለሙት ዓመቷ የምትጋግሪው እንጀራ ይኖራል አይደል? ከዚያ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አራዳ ስመላለስ እውላለሁ። ጎንደር እንደምታውቂው በየመታጠፊያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለፍኩ ቁጥር እሳለማለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፣ አንዷ ተሳፋሪም «እጅህን ከመሪው አታንሳ!» ብላ ጮኸችብኝ። ጠዋት ጸሎት ቤት የመቆሚያ ጊዜ የለኝም፣ ያለችኝ ይቺ ናት። ልተዋት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትተዋት። ግን ሴትየዋም እውነቷን ነው። ቁልቁለት ላይ ሰው ጭነህ እጅህን ከመሪው አታንሳ። ራስህን ዝቅ አድርገህ በአፍህ ተሳለም፣ ይበቃል። ተሳፋሪ ስታወርድ ባጃጁ ቆሟል፣ ያኔ በደንብ አማትብ።

አርባ አራቱ ታቦት ባለበት አገር ባጃጅ መንዳት እኮ ትልቅ ነገር ነው። ፊት ሚካኤልን፣ አቡን ቤት ገብርኤልን፣ እጨጌ ቤት ተክለሃይማኖትን፣ በአታን በቀን ስንቴ ታልፋለህ? ሌላው ሰው ለዓመት በዓል የሚሄድበትን አንተ በየሰዓቱ ታየዋለህ። ወሩን እንኳ በእነሱ መቁጠር ትችላለህ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ24 ተክለሃይማኖት፣ በ3 በአታ። የዕለቱን አስበህ በዚያ ቀን አንድ አቅመ ደካማ እናት በነጻ ብትወስድ፣ ገንዘብ ባይሆንም ዝክር ነው።

ስለ አጭር ጸሎት ደግሞ፣ ነህምያን አስታውስ። የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ነበር፣ ሥራ ላይ ነው። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየና መልሱን ሰጠ። በጥያቄና በመልስ መካከል ስንት ደቂቃ ይኖራል? ያችው በቃችው። ቀራጩም በሉቃስ ወንጌል «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ብሎ ነው ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰ። ይህን መንገድ ሲዘጋጋብህ በለው። ያኛው ሹፌር ሲሰድብህም በለው፣ ያኔ ነው የሚከብደው። የሚስቁት ጓደኞችህ ከቆዩ በኋላ ከአንተ ጋር ራሳቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ታያለህ፣ እኔ ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ አያታችን የብራና ዳዊት ትተውልን ሄዱ። አራት ወንድማማችና እህትማማች ነን፣ ሁላችንም እኔ ልውሰደው እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን ማናችንም ማንበብ አንችልም፣ ግእዝ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ ጥሩ ገንዘብ ልስጣችሁ አለን። ታላቅ ወንድማችን «ከማይነበብ መጽሐፍ ለእናታችን መታከሚያ ይሻላል» ይላል። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ እናታችሁን እግዚአብሔር ይማርልን። ወንድምህ ክፉ አይደለም፣ ጨንቆት ነው። ግን አትሽጡት። የመጀመሪያው ምክንያት ሕግ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ለጎረቤቱ ሊያነብ አይደለም የሚገዛችሁ። ለእናታችሁ መታከሚያ አራታችሁ አዋጡ፣ ማኅበራችሁን፣ ዕድራችሁን ጠይቁ። ሁለተኛውን ምክንያት ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ማንበብ አንችልም አልክ። ማንበብማ ትችላለህ! ፊደሉ ያው የአንተ ፊደል ነው። የማትችለው ትርጉሙን ነው። ዛሬ ማታ እጅህን ታጠብና በደንብ አድርቅ፣ ከማኅደሩ አውጣው፣ የመጀመሪያውን ገጽ ክፈት። ቀይና ጥቁር ቀለም ታያለህ። በዳዊት እያንዳንዱ ስንኝ በየራሱ መስመር ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ ዓይንህ አይጠፋበትም። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ይላል። ጮክ ብለህ አንብበው። በክፉዎች ምክር ያልሄደ ሰው ምስጉን ነው ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመበት ዳዊት ይሸጣል፣ እሱን ግዛና አጠገቡ አስቀምጠው። መቶ ሃምሳው መዝሙር በአሥራ አምስት ንጉሥ ተከፍሏል፣ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር ነው። በሳምንት አንዲት መዝሙር ብትይዝ እንኳ ዓመት ሳይሞላህ ጆሮህ ይከፈታል። ጎንደር ተቀምጠህ ደግሞ አስተማሪ አጣሁ አትበለኝ፣ የበአታን አቋቋም ለመማር ከስንት አገር በእግሩ የሚመጣ ተማሪ አለ። አንዱን ቡና ጠርተህ «ይቺን አንብብልኝ» ብትለው ደስ ብሎት ነው።

ሌላም ነገር አለ። መጨረሻና መጀመሪያ ላይ ባዶ የቀሩትን ቅጠሎች አይታችኋል? የእኛ እምዬ ዳዊት ላይ አባቷ በዚያ ባዶ ቦታ የልጆቻቸውን የክርስትና ስም ጽፈውበት ነበር። ቀለሙ ደብዝዟል። የእምዬ ስም ከላይ ሦስተኛው ላይ ነው። ከእሷ በፊት ሁለት ስሞች አሉ፣ ሁለቱንም ማንም አንስቶልን አያውቅም ነበር። በሕፃንነታቸው ያረፉ ታላላቆቿ ናቸው። አንዲት ገጽ ባትገለጥ ኖሮ ሁለት ሰዎች ከቤተሰባችን ጠፍተው ይቀሩ ነበር። የእናንተው ላይ ምን እንዳለ ሳታዩ ልትሸጡት ነበር እኮ።

ማን ይውሰደው ላልከው፣ እንደ ማኅበር ጽዋ ዙሩበት። ጽዋ አንድ ቤት አይቀርም፣ ተረኛው ተቀብሎ ይሄዳል። በአያታችሁ ሙት ዓመት ተሰብሰቡ፣ አንድ መዝሙር አስነብቡ፣ የዚያ ዓመት ተረኛ ይቀበል። በዚያው እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለአራታችሁም ይቀመጥ። አያያዙ ላይ ደግሞ አደራ፦ በፌስታል አትጠቅልሉት፣ ብራና ቆዳ ነው፣ ይታፈንና ይሻግታል፣ በተለይ በክረምት። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃዋል። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁ። ከምድጃ ጭስና ከአይጥ አርቁት።

ጥያቄ፦ አምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጾም ሲመጣ ያዞረኛል፣ ራሴን የሳትኩበት ቀንም አለ። አማቴ በአፏ ምንም አትልም፣ ግን ወተት ስጠጣ ፊቷ ይለወጣል። እኔም ልቤ አይረካም። በልጅነቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ልጅ ነበርኩ። (ከአራዳ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምልበት ቀን ያድርሰን! ልጄ፣ ራስሽን ስተሽ ወድቀሽማ ነገሩ አልቋል። ሐኪምሽ የሚልሽን ስሚ፣ ዛሬውኑ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለነፍሰ ጡር መንገድ አላት፣ መንገዱ ግን በንስሐ አባት በኩል ነው እንጂ በራስ ውሳኔ ወይም በአማት ፊት አይደለም። እሳቸው ቤት መጥተው ሁለታችሁ ባላችሁበት ቢናገሩ ደግሞ የአማትሽም ልብ ያርፋል፣ ምናልባት የምትፈራው የአንቺን ነፍስ ይሆናል። የጾም ናፍቆትሽን በሌላ አውጪው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን አንብቢ፣ ለተራበ እንጀራን መቁረስ ጾም መሆኑን ይነግርሻል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ አኩፋዳውን ይዞ ለሚመጣው ተማሪ ከእንጀራሽ አንዷን በየዕለቱ ለይተሽ አስቀምጪለት። እምዬ «የተማሪ ናት» ብላ የምታስቀምጣትን እንጀራ ቢርበን እንኳ አንነካትም ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ የ71 ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው፣ አምስት የልጅ ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱን ብቻ ነው በአካል ያየሁ። በስልክ «አያቴ ሃይ» ይሉኛል፣ ከዚያ ዝም። ስለ ሃይማኖታችን፣ ስለ አገራችን ልነግራቸው እፈልጋለሁ፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ቢሰለቻቸውስ?

መልስ፦ አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ሳነብ ከእኔ ይልቅ እርስዎ መምህር እንደሆኑ ታየኝ፣ ግን ከጠየቁኝ ልናገር።

ከትምህርት አይጀምሩ። ልጅ በስልክ ትምህርት ሲሰጡት ይሸሻል። ጥምቀት ምን እንደሆነ፣ በ2012 ዓ.ም ዩኔስኮ እንደመዘገበው፣ ይህን ሁሉ እነሱ በአንድ ደቂቃ ያገኙታል። የማያገኙት የእርስዎን ጥምቀት ነው። ከተራ ዕለት ማን ነበር አዲስ ልብስ የሰፋልዎት? ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ በማን ትከሻ ላይ ሆነው አዩ? ማግስቱን ውኃው ሲባረክ ዘለው ገብተው ከሆነ፣ ጥር ወር በጠዋቱ ብርድ፣ ጥርስዎ እንዴት እንደተንቀጫቀጨ፣ ልብስዎን ማን ይዞ ዳር ላይ እንደጠበቀዎት፣ እቤት ሲገቡ እናትዎ ምን እንዳሉ ይንገሯቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አያቱ በውኃ ርሰው እቤት ሲገቡ የተቆጧቸውን ታሪክ አይሰለቸውም።

አንድ ቀን ደግሞ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ይንገሯቸው። ሁላችንም በልጅነታችን አንጋጠን የመላእክቱን ፊት ለመቁጠር ያልሞከርን አለን? አንገታችን ይደክማል፣ ግማሽ ላይ ይጠፋብናል፣ እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። ሁሉም ዓይናቸው እኛን ያያል። በ1880 ዓ.ም ድርቡሽ ገብቶ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ሥላሴ ከተረፉት አንዱ መሆኑን፣ አባቶቻችን ንብ ተነሥቶ ጠበቀው እያሉ የነገሩንን ይጨምሩበት። የንብ ታሪክ ልጅ ይወዳል። ከዚያ «ስትመጡ አብረን እንቆጥራለን» ይበሏቸው፣ እነሱ ራሳቸው መች ነው የምንመጣው ማለት ይጀምራሉ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት እምነቱ አስቀድሞ በማን እንደነበረ በስም ይነግረዋል፤ በአያቱ በሎይድ፣ በእናቱ በኤውንቄ። አያቱን ያስቀደመበት ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ሎይድ ምን እንዳስተማረችው አልተጻፈም፣ ስሟ ግን አለ። እርስዎም የራስዎን አያት ስም ይንገሯቸው፣ በዓለም ስማቸውም በክርስትና ስማቸውም።

እንዴት ለሚለው ደግሞ፣ ስልክዎ ድምፅ ይቀዳል። ካልቻሉበት የጎረቤት ልጅ ያሳይዎታል። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ሰንበት ከቅዳሴ መልስ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቡናው ሲፈላ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይቅዱ። ከዚያ በላይ አያስረዝሙት። አንድ ቀን አንድ ታሪክ ብቻ። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ በስማቸው እየጠሩ ይመርቋቸው፣ አምስቱንም፣ አንድም ሳይዘሉ። ምርቃቱ በአማርኛ ይሁን። ባይገባቸውም ድምፅዎን ይለምዱታል፣ «አሜን» የምትለዋን ደግሞ ማንም ልጅ ቶሎ ይይዛታል።

ደግሞ ሲቀዱ የመንደሩ ዶሮ ቢጮህ፣ የሰፈሩ ደወል ቢደወል፣ ሲኒው ቢንኳኳ «ተበላሸ» ብለው አያጥፉት፣ እንዳለ ይላኩት። የእኔ እምዬ ድምፅ የተቀዳበት አንድ ካሴት ቤቴ አለ፣ እሷ የምትናገረው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፣ ቀሪው የቡና መውቀጫ ድምፅ ነው፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ ይላል። ልጆቼ ያንን ክፍል ደጋግመው እንዳጫውትላቸው ይለምኑኛል።